በጥቂት ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር ስለ መገጣጠም

ገንዘብ የተረፈው ሰው ዕቃ ሲገዛ ቢሳሳት ስሕተቱን በሌላ ገንዘብ ይሸፍነዋል፤ ጎረቤቱም አያውቅበትም። ገንዘቡ በልክ የሆነበት ሰው ግን አንድ ጊዜ ሳያስተውል ከገዛ፣ የገዛው ዕቃ ከቤቱ ማዕዘን ተቀምጦ በየቀኑ ይታዘበዋል። ስለዚህ ዕቃ የመምረጥ ጥበብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለባለጸጋው ሳይሆን ለድኻው ነው። ይህን ስል ስለ ቤትና ስለ መሬት ግዢ ልናገር አይደለም። ነገሬ አንዳንድ አንባቢ ፈገግ የሚልበት ነው፤ ይኸውም ወጣቶች ለጨዋታ ብለው ክፍል በክፍል እየመረጡ ስለሚገጣጥሙት ኮምፒዩተር ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ክርክር ከመንገዴ ላንሣ። ጨዋታ ጊዜ የሚበላ ከንቱ ነገር ስለ ሆነ ለእርሱ ሳንቲም ማውጣት ነውር ነው የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን ገበጣና ሠንጠረዥ ይጫወቱ ነበር፤ በልደት በዓል ገና ሲመቱም ቅልጥሙ የተሰበረ ሰው ጥቂት አይደለም። በእኛ አገር በጉለሌ ልጆች በጆተኒ ዙሪያ ተሰብስበው ሲጮኹ አድገዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ቤት በየቅያሱ ተከፈተና እየከፈሉ የኳስ ጨዋታ መግጠም ተለመደ። የሚያስነውረው መጫወቱ ሳይሆን የቤተ ሰብን ገንዘብ ሳያስቡ መበተኑ ነው። ይህ ደግሞ በጨዋታ ብቻ ሳይሆን በሰርግም በተዝካርም ይደረጋል፤ በዚያ ጊዜ ግን የሚቈጣ ጎረቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሽሮ ሜዳ የሚኖር አንድ ሸማኔ ወዳጅ አለኝ። ቤተ ሰቡ በዚያ ሰፈር እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጣ ነው። በ2017 ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር የባለቤቱ ዕቁብ ወጣና 80 ሺሕ ብር እጃቸው ገባ። ከዚህ ውስጥ 20 ሺሑ ለእንቍጣጣሽ ገበያ ለሚሠራው ሸማ ክር መግዣ ሆነ። የቀረው 60 ሺሕ ብር ግን የታላቁ ልጃቸው ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ዓመት ሙሉ ማግ ሲያጠነጥንና ድር ሲያዘጋጅ ስለ ቈየ፣ ዕቁቡ ሲወጣ ኮምፒዩተር ይገዛልሃል ተብሎ ቃል ተገብቶለት ነበር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ስጠግን ብዙ ዘመን ስለ ኖርሁ አባትየው ልጁን አስከትሎ ወደ ቤቴ መጣ።

«ወንድሜ፣ ልጁ የጻፈውን ወረቀት አንብብልኝ። ገንዘቡ ከእጄ ወጥቶ የት እንደሚገባ ልወቅ» አለኝ።

ወረቀቱን አነበብሁት። ልጁ ከገንዘቡ ከሦስት እጅ ሁለቱን ግራፊክስ ካርድ ለሚባለው፣ ምስል ለሚሥለው ክፍል ሰጥቶታል። በቀረው ደግሞ ዐሥራ አንድ ዐይነት ዕቃ ሊገዛ አስቧል፤ ከእነዚያም አንዱ በቀለም የሚያበራ ማራገቢያ ነው። ኀይል አከፋፋዩ ፓወር ሰፕላይ በተጻፈበት መስመር አጠገብ «ከኬዙ ጋር የሚመጣው ይበቃል» ብሏል።

ልጁን አልወቀስሁትም። እንዲህ ያለው ዝርዝር የተቀዳው በውጭ አገር ከተሠራ ቪዲዮ ነው፤ በዚያም አገር ዕቃ የማይስማማ ሆኖ ሲገኝ በሳምንቱ መልሰው ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ የዶላሩ ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከ130 ብር አለፈ። ስለዚህ የመቶ ዶላር ዕቃ ከማጓጓዣውና ከነጋዴው ትርፍ በፊት 5 ሺሕ 700 ብር የነበረው 13 ሺሕ ብር ሆነ ማለት ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማ ዋጋ ግን በዚያው ልክ እጥፍ አልሆነም። ልጁ ሁለት ዓመት ሲያጠነጥን የገንዘቡ አቅም ከእጁ ሥር ሲያጥር ቈየ፤ ይህም የእርሱ ጥፋት አይደለም።

አባትየው ኮምፒዩተር ነክቶ አያውቅም። ነገር ግን በዚያ ቀን ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠውን የጠየቀ እርሱ ነው። «ከነዚህ ሁሉ ድሩ የትኛው ነው? ማጉስ?» አለ።

ሸማኔ አስቀድሞ ድሩን ይዘረጋል። ድሩ ውጥረቱን የማይችል ከሆነ ማጉ ሐር ቢሆን እንኳ ሸማው አይወጣም፤ በመሐል ይበጠሳል። ለወዳጄ እንዲህ ብዬ መለስሁለት። «ድሩ ፓወር ሰፕላዩና ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ማዘርቦርዱ ነው። የሚያስበው ፕሮሰሰርና የሚሥለው ካርድ ደግሞ እንደ ሁለቱ እጆችህ ናቸው። መወርወሪያውን አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀበላል። አንዱ እጅ ከዘገየ የሌላው ፍጥነት ምን ይረባል?» በእርግጥም አሠራሩ ይኸው ነው። በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱን ምስል ፕሮሰሰሩ አዘጋጅቶ ለካርዱ ያቀብለዋል፤ ካርዱም ሥሎ ወደ ስክሪን ይልከዋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው። ልጁ በወረቀቱ ላይ የጻፈው ከባድ ካርድ ከደካማ ፕሮሰሰር ጋር ቢገጠም አብዛኛውን ጊዜውን ተራ ሲጠብቅ ይውላል።

ልጁን ሁለት ነገር ጠየቅሁት፤ የምትጫወተው ምንድን ነው? የምታይበትስ ስክሪን የትኛው ነው? ብዙ ሰው ከእነዚህ ጥያቄዎች ሳይጀምር ስለ ዕቃ ስም ይከራከራል። ልጁ ዶታ 2ን፣ ካውንተር ስትራይክ 2ንና አንድ የኳስ ጨዋታ ጠራልኝ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ በነጻ የሚገኙና ከባድ ዕቃ የማይጠይቁ ናቸው። ስክሪኑን ደግሞ አጎቱ ሰጥቶታል። በአግድም 1,920፣ በቁም 1,080 ነጥብ ያለው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል የሚለውጥ ነው። በዚህ ስክሪን ላይ በአንድ ምስል የሚሣለው ነጥብ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። አራት ኬ በሚባለው ስክሪን ላይ ግን 8 ሚሊዮን ከ300 ሺሕ ያህል፣ ይኸውም አራት እጥፍ ነው። ልጁ የተመኘው ካርድ ለእንዲህ ያለው ስክሪን የተሠራ ነው። በአጎቱ ስክሪን ላይ በሰከንድ 150 ምስል ቢሥልለት እንኳ ስክሪኑ የሚያሳየው 60ውን ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ከ60 በላይ መሣል ለእጅ ፍጥነት ትንሽ ይረዳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እውነትም አላቸው። ነገር ግን ያቺ ትንሽ ጥቅም የቤቱን የሦስት ወር ቀለብ አታህልም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ሌሎቹ ልጆች ለምን ይገዙታል?» አለኝ። የገዙት እንዲታይላቸው ነው አልሁት። ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠን በጀርባው ላይ ሦስት መንገድ ጻፍን። በዚህ ላይ ትንሽ ልቈይበት፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ ያሉ ብዙ ልጆች የሚቆሙበት መስቀለኛ መንገድ ይህ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከቢሮ የተጣለ ኮምፒዩተር መግዛት ነው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የተገለገሉባቸው ዴልና ኤችፒ በብዛት ወደ እኛ ይመጣሉ። ዊንዶውስ 10 የሚባለው ሥርዐት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ጥገና የተቋረጠበት ስለ ሆነ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይፈቀድላቸው አሮጌ ማሽኖች ከያሉበት እየተጣሉ ነው። በኢንቴል በኩል መሻገሪያው ድንበር በጥቅሉ ስምንተኛው ትውልድ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ከጥቂቶች በቀር አይፈቀድለትም። እንዲህ ባለው የቢሮ ማሽን ላይ ከመሰኪያው ብቻ ኀይል የሚወስድ ትንሽ ካርድ ቢጨመር ያጫውታል። መሰኪያው የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና ጂቲኤክስ 1650 የሚባሉት ካርዶች በዚህ ልክ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ቀጭኑ የቢሮ ማሽን ቁመተ አጭር ካርድ ካልሆነ አይቀበልም። የፓወር ሰፕላዩም አሰካክ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ስለ ሆነ ከገበያ ሌላ ገዝቶ መለወጥ አይሆንም። ቤት ሠርቶ በር ሳያወጡለት እንደ መቅረት ነው፤ ይኖሩበታል እንጂ አያሰፉትም። የልጁ ገንዘብ ግማሹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህንን መንገድ ያለ ጥርጥር እመክረው ነበር፤ የሚናቅ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ሌላ ሰው የተገለገለበትን ጠንካራ ካርድ መግዛት ነው። የእንዲህ ያለው ካርድ መብዛት ታሪክ አለው። ኢተሪየም የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ካርዶች ሌት ተቀን ይሠሩ ነበር። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓመተ ምሕረት ኢተሪየም አሠራሩን ለውጦ ካርድ አያስፈልገኝም ባለ ጊዜ እነዚያ ካርዶች ሥራ ፈትተው ወደ ገበያ ፈሰሱ። ሌት ተቀን የሠራ ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። ማራገቢያው ግን ያረጃል፤ በውስጡ ሙቀት የሚያስተላልፈውም ቅባት ይደርቃል። ይህ የሚጠገን ነው። የማይጠገነው የሻጩ ሐሰት ነው።

ይህንንም በዐይናችን አየነው። አንድ ቀን ሦስታችን ወደ ገበያ ወርደን አንድ ሱቅ ገባን፤ ስሙን አልጠራም። ሻጩ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ብሎ አንድ ካርድ አወጣ። ዋጋው ልብ የሚያሳርፍ ነበር። ልጁ በደስታ ተቀበለው፤ አባቱ ግን ከእጁ ወስዶ ገለበጠው። ሸማኔ አንድን ጥለት ሲመረምር አስቀድሞ ጀርባውን ያያል። ሽሮ ሜዳ ገበያ ከውጭ ታትሞ የመጣ ጥለት መሳይ ጨርቅ ከገባ ወዲህ ይህ ልማድ ሆኗል፤ የታተመው ከፊቱ ያምራል፣ በጀርባው ግን ክር የለበትም። «ይህ ብሎን ተፈትቶ የታሰረ ነው፤ አፉ ተላልጧል» አለ። እኔ ደግሞ የስክሪን መሰኪያዎቹን አየሁ። ከሌሎቹ ጋር ቪጂኤ የሚባለው አሮጌው ሰማያዊ መሰኪያ ነበረበት። የ1050 ቲአይ ትውልድ ይህን አሮጌ ምልክት ከካርዱ አያወጣም። በገበያ ላይ ግን ከዚያ በብዙ ዓመት የሚቀድሙ ካርዶች በውስጣቸው የተጻፈው ስም ተቀይሮ 1050 ቲአይ እየተባሉ ይሸጣሉ። ኮምፒዩተሩም ስሙን ሲጠየቅ የተጻፈለትን ሐሰት ይመልሳል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ግን ውስጡን መርምሮ ሐሰተኛ መሆኑን ያሳያል። በዚያው ቆመን እንሞክረው ብለን ሻጩን ጠየቅነው፤ መብራት የለም አለን። ከራሱ በላይ አምፖሉ ይበራ ነበር።

በስም ያልዋሸ፣ በመጠን ግን ያጐደለ ዕቃም አለ። አርኤክስ 580 የሚባለው የታወቀ ካርድ 2,304 የሥሌት ክፍል አለው። በዚሁ ስም ለቻይና ገበያ የተሠራ፣ 2,048 ክፍል ብቻ ያለው ሌላ አለ፤ በእውነቱ ይህ የታናሽ ወንድሙ የአርኤክስ 570 መጠን ነው። ሻጩ 580 ነው ቢል አልዋሸም፤ ገዢው ግን ያሰበውን አላገኘም። ስለዚህ ስም አይበቃም፣ ቍጥሩን መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ ካርዱን ለጊዜው መተው ነው። ልጁ በመጀመሪያ ሲሰማው ፊቱ ጠቆረ። ለጨዋታ በሚሠራ ማሽን ውስጥ የጨዋታውን ካርድ መተው ያለ በሬ እርሻ መውጣት መሰለው። ነገር ግን ምስል መሣያው በውስጡ የተሠራለት ፕሮሰሰር አለ። ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2021 ለገበያ የወጣ፣ ስድስት አእምሮ ያለውና 65 ዋት ተብሎ የተመደበ ሲሆን፣ ያለ ካርድ ዶታንና የመሳሰሉትን ጨዋታዎች ዝቅ ባለ የምስል ጥራት በአጎትየው ስክሪን ላይ ያጫውታል። ጉድለትም አለበት፤ ካርድ ከሌለው ከወንድሙ ከ5600 ጋር ሲተያይ የውስጥ ማስታወሻው በግማሽ ያነሰ ነው፤ 32 ሜጋባይት መሆኑ ቀርቶ 16 ነው። ወደ ፊት ጠንካራ ካርድ ቢገጠምለት 5600 ይቀድመዋል። ሆኖም ካርዱን ዛሬ መግዛት ለማይችል ሰው፣ ያለ ካርድ የማይሠራው ፈጣን ፕሮሰሰር ምን ያደርግለታል? ነገ ካርድ ሲገኝ ያንኑ ማዘርቦርድ፣ ያንኑ ፓወር ሰፕላይ ሳይለውጥ ይሰካዋል። አባትየው ይህን ሲሰማ «ድሩን ዘርግተን እንቈያለን ማለት ነው» አለ። እርሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው፤ እኔ ግማሽ ሰዓት ደክሜበት ነበር።

በዚህ መንገድ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ መያዝ ይገባዋል። ካርድ የሌለው ፕሮሰሰር የሚሥለው ከራም በሚበደረው ማስታወሻ ነው። ስለዚህ 16 ጊጋባይት ራም ሲገዛ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርጎ፣ በማዘርቦርዱ ላይ በተመለከቱት ቦታዎች ሊሰካቸው ይገባል። በሰከንድ 3,200 ሚሊዮን ጊዜ የሚያስተላልፈው ዲዲአር4 ራም ብቻውን በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ሁለት ሲሆን 51.2 ይሆናል። እውነተኛ ካርድ ግን የራሱ ማስታወሻ አለው፤ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይቱ 256 ያመላልሳል። ልጁ ይህን ቍጥር በወረቀቱ ላይ ሲያይ ካርድ ማለት ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባው ብዬ አስባለሁ። ሻጮች አንዱን ትልቅ ራም ይወድዱታል፤ በኋላ ሌላ ትጨምርበታለህ ይላሉ። ለሌላ ማሽን ምክሩ ያስኬዳል፤ ለዚህ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ እመጣለሁ። ይህ ክፍል አያበራም፣ በጨዋታ ውስጥ አይታይም፣ ጓደኛም አይቀናበትም። የልጁ ወረቀት ያለ ምክንያት አልዘለለውም። ነገር ግን ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ለውጦ ለሁሉ የሚያካፍለው እርሱ ነው። ቢከፋ ብቻውን አይሞትም፤ ከእርሱ ጋር የተያያዙትን ይዞ ይሄዳል። ከርካሽ ኬዝ ጋር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በትልቅ ፊደል 500 ዋት ተብሎ ይጻፍበታል። በጎኑ ያለውን ትንሽ ሠንጠረዥ ማንበብ ያስፈልጋል። በ12 ቮልት ረድፍ ላይ 18 አምፔር የሚል ከሆነ 12 ጊዜ 18፣ 216 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት ከዚህ ነው። የቀረው ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። ከጀርባው 115ና 230 የተጻፈበት ቀይ ማብሪያ ያለው እንደ ሆነ ደግሞ ከመሰካት በፊት 230 ላይ መሆኑ ይታይ፤ በ115 ላይ ሳለ በእኛ መብራት የተሰካ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ይላል።

ምን ያህል ይበቃል? ፕሮሰሰሩ ሲጨነቅ 88 ዋት ያህል ይወስዳል። ወደ ፊት አርኤክስ 6600 የሚባለው ካርድ ቢጨመር 132 ዋት ነው፤ ለዚያም ካርድ ሠሪው ቢያንስ የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ስለዚህ በእውነት 500 ዋት የሚሰጥ፣ ከታወቀ ሠሪ የመጣ፣ 80 ፕላስ የሚል የብቃት ምልክት ያለበት ከሆነ ይበቃል። 750 መግዛት ደግሞ ሌላው ብክነት ነው።

የጉለሌ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለጉለሌ ሰው አልነግርም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ኀይሉን ከዓባይ ሸለቆ አምጥቶ በአሮጌ ትራንስፎርመር በኩል እስከ ሸማኔው በር ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ጊዜ መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲመለስ በዚያች ቅጽበት ነው ዕቃ የሚሞተው። ስለዚህ ከማራገቢያው ቀለም በፊት ስታቢላይዘር በወረቀቱ ላይ ገባ። የሚቻለው ሰው ዩፒኤስ ቢጨምር ይበልጥ መልካም ነው።

ስለ ማራገቢያም አንድ ነገር ልበል፤ በመጻሕፍትም በቪዲዮም ሲነገር አልሰማሁም። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ይከብዳል። ስለዚህ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ሙቀት የማውጣት ኀይሉም ይቀንሳል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእንጦጦ ግርጌ አየር ቀዝቃዛ ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ነገር ግን ፊቱ በመስተዋት የተደፈነ ኬዝ ለዚህ አገር አይመረጥም። ፊቱ ወንፊት የሆነው ይሻላል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው። ሸማ በሚሠራበት ቤት ደግሞ የጥጥ ብናኝ ስላለ ማሽኑ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በየወሩም በብሩሽ ይጠረግ።

ስለ ሚያበሩት ቀለሞች ብዙ አልጽፍም። ልጁ ራሱ ሰረዛቸው።

በሐምሌ ወር ዕቃው ተሟላ። ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ከአንድ ሱቅ፣ ራሙ ከሌላ፣ 500 ጊጋባይት የሚይዘው ኤስኤስዲ ደግሞ ከዱባይ በተመለሰ ዘመድ እጅ መጣ። በሸማኔው ቤት፣ በሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አጠገብ፣ እናትየው ባጸዳችው ጠረጴዛ ላይ ልጁ በገዛ እጁ ገጣጠመው፤ እኔ ቆሜ አየሁ እንጂ አልነካሁም። አባትየው የስልኩን መብራት ይዞለት ነበር። ፕሮሰሰሩ ሲቀመጥ ምንም ግፊት እንደማያስፈልገው፣ ራሙ ግን እስኪቋጭ መገፋት እንዳለበት ሲያይ በጣም ገረመው። የመጀመሪያው ማብራት ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ አንዱ ራም በደንብ አልገባም ነበር። ሁለተኛው ላይ በራ። ከ60 ሺሑ 4 ሺሕ 300 ብር ተርፎ ስለ ነበር እናትየው ያኔውኑ ተቀብላ ለክር ግዢ ጨመረችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። በ2018 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ወራት የራም ዋጋ በዓለም ሁሉ ሽቅብ ወጣ። ሠሪዎቹ ፋብሪካቸውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚያስኬዱት ትልልቅ ማእከሎች ስላዞሩት ለተራው ገዢ የሚተርፈው አነሰ። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክሩሻል በሚለው ስም ለግለሰብ መሸጡን እንደሚያቆም በኅዳር ወር አስታወቀ። በሰፈራችን ካርዱን አስቀድመው ገዝተው ራሙን ለኋላ ያቆዩ ሁለት ልጆች አሉ። ካርዶቻቸው እስካሁን በካርቶን ውስጥ ናቸው።

የሸማኔው ልጅ ማታ ማታ ይጫወታል፤ ምስሉ ዝቅ ያለ ነው፣ እርሱም ያውቀዋል። ቀን ቀን ደግሞ ታናሽ እኅቱ የአባቷን ጥለቶች ፎቶ እያነሣች በዚያው ማሽን ታስተካክላለች፤ ደንበኞችም በስልካቸው አይተው ያዝዛሉ። ካርዱን ገና አልገዛም። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ዕቁብ ገብቶ በየሳምንቱ ይጥላል፤ ዕጣው እስካሁን አልወጣለትም።